ዳሌ ሲቀየር በሐኪም እጅ ወይስ በሮቦት?

እማዬ ዳሌዋ ይቀየር ከተባለ ወዲህ ኮዬ ፈጬ ቤታችን ወሬው ሁሉ ይሄ ነው። ዋናው ነገር ካፑ፣ ማለት ዳሌ አጥንት ውስጥ የሚገባው ሰው ሰራሽ ጎድጓዳ፣ አንግሉን ጠብቆ መቀመጡ ነው፣ ከ1978 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚጠቀሰው ልክ 40 ዲግሪ ማዘንበልና 15 ዲግሪ ወደፊት መዞር ሆኖ ሁለቱም እስከ 10 ዲግሪ ከፍ ዝቅ ቢሉ ችግር የለውም ነው የሚባለው፣ ከዛ ሲወጣ የተቀየረው መገጣጠሚያ የመውለቅ ስጋቱ ይጨምራል።

በእጅ ሲሰራ ሰርጀኑ ጅማቱንና አጥንቱን እያየ ነው የሚገምተው፣ በጎን የተኛችው በሽተኛ ዳሌዋ ትንሽ ከዞረ ግምቱም አብሮ ይዛባል። ሮቦቱ ጋ (ብቻውን አይሰራም እኮ፣ መሳሪያውን የሚይዘው ሐኪሙ ነው) ብዙ ጊዜ ቀድሞ በተነሳ ሲቲ ስካን ይታቀድና ልኩ በዲግሪ ስክሪን ላይ ይታያል፣ ካፑን የታቀደው ቦታ ላይ በማሳረፍ በግልፅ ይበልጣል። ግን ውድ ነው፣ አጥንት ላይ ፒን ይተከላል፣ ደሞ ልኩ ውስጥ ሆኖም የሚወልቅ ብዙ አለ።

ስለዚ እኔ ዳሌ ደጋግሞ የቀየረ ሰርጀን ይሻለኛል። እማዬ ቡና የምታፈላው ዝቅ ያለች ዱካ ላይ ነው፣ ጉልበት ከዳሌ በላይ ሲወጣ ደሞ ወደ ኋላ ሊወልቅ ይችላል፣ ይሄን ለሐኪሟ ከአሁኑ ነግሬያቸዋለሁ፣ ከፍ ያለ ወንበርም ገዝተናል።