ሳይለካ ዕቃ ለማይቀይረው የደሴው የኤሌክትሪክ ሳይክል መካኒካችን፣ ምስጋናና ጥቆማ

ሰላም የደሴ፣ የኮምቦልቻና የሐይቅ ወገኖቻችን። በኤሌክትሪክ ሳይክል ሥራ፣ ገበያና ትምህርት ቤት ለምትመላለሱ ሁሉ የሚጠቅም ሰው ልንጠቁማችሁ ነው። ደሴ ውስጥ የሚሠራ ወንድማችን ነው፤ ሳይለካ ዕቃ አይቀይርም። የምናመሰግነውም ለዚሁ ነው። ኮንትሮለር (ለሞተሩ የሚሄደውን ኃይል የሚቆጣጠረው ሳጥን) እና ሞተር እንደ ልብ በማይገኝበት ከተማ «ተቃጥሏል፣ ሌላ ግዛ» የሚለው ፍርድ ከመልቲሜትር (ከኤሌክትሪክ መለኪያው) ቀድሞ ሲመጣ ባለንብረቱ በከንቱ ይከስራል።

ጋዝ ሲሰጠው እየተንዘፈዘፈ የማይነሳ ሳይክልን እንውሰድ። ብዙ ቦታ ሞተሩ ሄዷል ይባላል። እሱ ግን መጀመሪያ የሞተሩን ሶኬት ነቅሎ ፒኖቹን ያያል፤ ውሃ የገባበት ወይም የታጠፈ ፒን ይህንኑ ምልክት ያሳያልና። ያ ደህና ከሆነ መልሶ ሰክቶ፣ የባትሪውን ማብሪያ ከፍቶ፣ ወደ ሆል ሴንሰሮቹ (ሞተሩ ውስጥ ሆነው አዟዟሩን ለኮንትሮለሩ ወደሚነግሩት) የሚሄደውን ቀይና ጥቁር ቀጭን ሽቦ ይለካል። 5 ቮልት አካባቢ ማንበብ አለበት። ከዚያ ጎማውን በእጁ ቀስ እያለ እያዞረ ሦስቱን የምልክት ሽቦዎች በየተራ ይፈትሻል። እያንዳንዱ በ0 እና በ5 ቮልት መካከል መመላለስ ይገባዋል፤ አንዱ ባለበት ከቀረ ጥፋቱ እዚያ ነው። ሽቦው ካልተበጠሰ ሴንሰሩ ይቀየራል፣ ሞተሩ ይተርፋል። (በውስጡ ማርሽ ያለው ሞተር ከሆነ ጎማው የሚዞረው ወደ ኋላ ነው። ወደ ፊት ሲዞር ክላቹ ስለሚለቀው ሞተሩ ከውስጥ አይንቀሳቀስም፤ ይህን የማያውቅ ሰው ደህናውን ሞተር ሙት ብሎ ይፈርድበታል።)

ሞተሩ እየጮኸ ጎማው ካልዞረስ? ያኔ ብዙ ጊዜ የውስጡ የፕላስቲክ ማርሽ ተበልቷል፤ የእኛ ዳገት ዋና ሰለባም እሱ ነው። ፍጥነቱ በሰዓት ከ10 ኪሎ ሜትር በታች ወርዶ ጋዙ እስከ መጨረሻ ከተያዘ፣ ከባትሪው ከሚወጣው ኃይል ትልቅ ክፍሉ ሙቀት ይሆናል። ሙቀቱ ፕላስቲኩን ያለሰልሰዋል፣ ጥርሱ ይላጣል። ወንድማችን ማርሹን ቀይሮ፣ ግራሶ ቀብቶ ብቻ አይሸኝም፤ አነዳዱንም ያስተምራል። ዳገቱ ሳይጀምር ቀላሉን የፔዳል ማርሽ አስገቡ፣ ፔዳሉን አትተዉት፣ ሞተሩ እጅ የማያስቀምጥ ሆኖ ከጋለ ቁሙና ይብረድ።

ከኮምቦልቻ ደሴ ለሚወጣ ሰው ደግሞ ሒሳቡ ይህ ነው። መንገዱ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን ከፍታው ወደ 600 ሜትር ይጨምራል። ሰውና ሳይክል 100 ኪሎ ከሆኑ ከፍታውን ለመውጣት ብቻ ከ160 ዋት ሰዓት በላይ ይፈልጋል። ባለ 36 ቮልት 10 አምፔር ሰዓት ባትሪ አዲስ ሆኖ የሚይዘው 360 ነው። ሞተሩ በሙቀት የሚያባክነው፣ የጎማው ግጭትና ነፋሱ ሲደመርበት ፔዳል ሳይረገጥ የሐረጎን ዳገት ጨርሶ ደሴ መግባት አጠራጣሪ ነው። ይህን ፊት ለፊት የሚነግር ባለሙያ «ባትሪህ አርጅቷል» ብሎ አዲስ ከሚሸጥ ይሻላል።

በባትሪ ላይ ያለው ጥንቃቄ ከሁሉ ይልቅ ያስደስተናል። የሊቲየም አዮን 36 ቮልት ባትሪ ሲሞላ 42 ቮልት፣ 48 ቮልቱ 54.6 ያነባል። ስለዚህ ባትሪውን ከመንካቱ በፊት የቻርጀሩን መውጫ ይለካል። የቻርጀሮች ሶኬት ስለሚመሳሰል የ48ቱን ለ36ቱ መሰካት ቀላል ነው፤ እሳት የሚያስነሳ ስህተት ነው። ቀጥሎ ቮልቱን ሳይክሉ ቆሞ፣ ከዚያም ዳገት ላይ ጭነት ይዞ ያነባል። ቆሞ 40 ያሳየው ዳገት ላይ ወደ 32 ከወረደ ብዙ ጊዜ በውስጡ ካሉት የሴል (የትናንሽ ባትሪዎች) ረድፎች አንዱ ደክሟል ማለት ነው፤ ያኔ ብቻ ይከፍተውና 10ሩን ረድፎች አንድ በአንድ ይለካል። ይህን ቤት ውስጥ በካቻቢቴ አትሞክሩት። ከዳገት የገባ ባትሪ ደግሞ ሳይበርድ ቻርጅ አይደረግም። ለሳምንታት የሚቆም ከሆነ ሊቲየሙ ግማሽ ያህል ተሞልቶ ይቀመጥ፤ የእርሳስ ባትሪ ተቃራኒ ነው፣ ሙሉ ሆኖ ካልተቀመጠ ይሞታል።

ወደ ኮምቦልቻ ስትወርዱ ፍሬን ነው ነፍስ። የፍሬን ሸራው ከብረቱ ውጪ 1 ሚሊ ሜትር ሲቀረው ይቀየር። አዲስ 1.8 ሚሊ ሜትር የሆነ ዲስክ 1.5 ሲደርስ አልቋል። ቁልቁለቱን ሙሉ አንዱን ፍሬን ይዞ መውረድ ዲስኩን ያግላል፣ መያዙንም ያሳጣዋል፤ የፊቱንና የኋላውን እያፈራረቃችሁ ያዙ። የካቴና ዘይት ዲስክ ከነካ በአልኮል ይጠረጋል፤ ሸራው ከጠጣው ግን መቀየር ነው።

ኮብልስቶን ብሎን ያላላል። በተለይ የኋላ ሞተር ግራና ቀኝ ያሉት ዳዶዎች ከላሉ መሃል ብረቱ በቦታው ዞሮ ሽቦውን ይበጥሳል። ወንድማችን መዞር የሚከለክለውን ባለ ጥርስ ሮንዴላ በትክክል መግባቱን ሳያይ ሳይክል አያስረክብም፤ ይህን የሚዘነጋ ብዙ ነው። ለክረምቱ ደግሞ ሽቦው ከሶኬቱ በፊት ወደ ታች ዝቅ ብሎ እንዲታጠፍ ያስረዋል፤ ጠብታው እዚያው ይወርዳል እንጂ ሶኬቱ ውስጥ አይገባም። ላቫጆ አታስገቡት፤ የግፊት ውሃ ኩሽኔታና ሞተር ውስጥ ዘልቆ ይገባል። በእርጥብ ጨርቅ መወልወል በቂ ነው።

ወንድማችን፣ አላህም እግዜርም ይስጥልን። የሠራህበትን ብቻ ስለምታስከፍል፣ የተቀየረውን አሮጌ ዕቃም ለባለቤቱ ስለምትመልስ እናመሰግንሃለን። ዕድሜና ጤና ይስጥህ።

አድራሻውን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልን። ስትሄዱ ቻርጀሩንና የባትሪውን ቁልፍ ይዛችሁ ሂዱ፤ ባትሪው ደግሞ ተሞልቶ ይሁን፣ ባዶ ባትሪ በጭነት አይለካም። የስህተት ቁጥር ስክሪኑ ላይ ከመጣ ሳታጠፉት በስልክ ፎቶ አንሱት።