ወንድሜን ላከመችልን ሲስተር

ይህን ምስጋና ለመጻፍ ከአንድ ዓመት በላይ ቆይቻለሁ። ወንድሜ ባለፈው ሳምንት «አሁን ጻፊው፣ ስሜን ብቻ ተዪልኝ» ስላለኝ ነው ዛሬ የተቀመጥኩት። ሲስተርም ስሟ እንዳይነሳ ለምናኛለች። ስለዚህ እዚሁ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ አካባቢ በአንድ የሱስ ሕክምና ክሊኒክ የምትሠራ የአገራችን ልጅ ናት ብዬ ልለፈው። አድራሻውን የሚፈልግ በውስጥ መስመር ይጻፍልኝ፤ ለማን እንደሆነ አልጠይቅም።

የወንድሜ ነገር የጀመረው በወገብ ሕመም ነው። መጋዘን ውስጥ ዕቃ ሲያነሳ ተጎዳ፣ ቀዶ ሕክምና ተደረገለት፣ ኦክሲኮዶን የሚባል ጠንካራ የሕመም ማስታገሻ ታዘዘለት። ማዘዣው ሲያልቅ ሐራራው አላለቀም፤ ከሰው እጅ መግዛት ጀመረ። መንገድ ላይ የሚሸጠው ክኒን መልኩ ከፋርማሲ የወጣ ይመስላል፣ ውስጡ ግን ብዙ ጊዜ ፈንታኒል ነው፤ ከሞርፊን ከ50 እስከ 100 እጥፍ የሚበረታው ማለት ነው። እኛ ግን የገንዘቡን መጥፋት እንጂ ይህን አላወቅንም።

መጀመሪያ የወሰድንበት ቦታ፣ ስሙን አልጠራም፣ ሰባት ቀን አስተኝተው ያለ ምንም መድኃኒት «ነጽቷል» ብለው መለሱልን። እኛም ደስ ብሎን ዶሮ ሠራን። ሰውነቱ ያንን መጠን መቻል እንደተወ፣ ያን ጊዜ ቢወስድ ከበፊቱ ይልቅ ለሞት እንደሚቀርብ የነገረን አልነበረም። በአሥራ አንደኛው ቀን መታጠቢያ ቤት ወለል ላይ ከንፈሩ ጠቁሮ አገኘነው። ያተረፉት የአምቡላንስ ሠራተኞች ናቸው። ዛሬ ናርካን የሚባለው፣ እንዲህ ከመጠን በላይ ወስዶ የወደቀን ሰው የሚያነቃው በአፍንጫ የሚረጭ መድኃኒት እናቴ መሳቢያ ውስጥ፣ ከዕጣኑ ሙዳይ አጠገብ ተቀምጧል። ከ2023 ጀምሮ ያለ ሐኪም ማዘዣ ይሸጣል። ከረጫችሁ በኋላም 911 ደውሉ፤ የናርካኑ ኃይል ከፈንታኒሉ ቀድሞ ሊያልቅ ይችላል።

ሲስተርን ያገኘናት ከዚያ በኋላ ነው። የመጀመሪያውን ቀን አልረሳውም። ወንድሜ እየተንቀጠቀጠ፣ አፍንጫው እየፈሰሰ፣ ደጋግሞ እያዛጋ ተቀምጧል። እኔ «ምን ትጠብቂያለሽ፣ ስጪው እንጂ!» ብዬ ጮህኩባት። እሷ አልተቆጣችም። «እጅህን ዘርጋ» አለችው፣ የጣቱን መርገፍገፍ አየች፣ የዓይኑን ብሌን በባትሪ ተመለከተች፣ ላቡን፣ የልብ ምቱን፣ የክንዱን ጸጉር መቆም እያየች በአንድ ወረቀት ላይ ነጥብ ሰጠች። ከዚያ ዞር ብላ አስረዳችኝ። ቡፕረኖርፊን የሚባለው መድኃኒት ፈንታኒሉ አንጎል ላይ የያዘውን ቦታ አስለቅቆ ራሱ ይይዛል፤ ነገር ግን የሚሠራው በከፊል ብቻ ስለሆነ ሐራራውን ያስታግሳል እንጂ እንደዚያኛው አያሰክርም። ፈንታኒሉ ከሰውነት ሳይቀንስ ከተሰጠ ግን ሕመሙን በአንድ ጊዜ ያባብሰዋል። ለዚህ ነበር የምትጠብቀው። ነጥቡ ሲሞላ ከምላሱ ሥር አስቀመጠችለት። እናቴ በዚህ መሐል ፔርሙዙን ከፍታ ቡና ልትቀዳለት ስትል «እማማ፣ ቡናው ይቆየን፤ ሳይሟሟ ከዋጠው አይሠራለትም» አለቻት። እናቴ ሰው ቡናዋን ሲመልስባት ያኔ የመጀመሪያዋ ይመስለኛል። ከአንድ ሰዓት በኋላ ወንድሜ ራሱ «ቡናውስ?» አለ።

እናቴ ጠበል ልትወስደው ፈልጋ ነበርና ሲስተር ትስቅብኛለች ብላ ፈርታ ነበር። አልሳቀችም። አቡነ ጳውሎስ በእንጦጦ የኤችአይቪ መድኃኒትና ጠበል አብረው ሊወሰዱ እንደሚችሉ መናገራቸውን አስታወሰቻት። «ጠበሉንም ይጠጣ፣ መድኃኒቱንም አያቋርጥ» አለቻት። አንድ ዘመዳችን «አንዱን ሱስ በሌላ ሱስ ለወጣችሁት» ሲለን እናቴ የመለሰችው መልስ ከሲስተር የተማረችው ነው፦ «ሱሱ ሌሊት ከቤት ያስወጣው ነበር፤ ይኸኛው ጠዋት ተነስቶ ሥራ እንዲገባ ያደርገዋል።»

መድኃኒቱ ብቻ ግን አይደለም። ክሊኒኩ ውስጥ ያለው አማካሪ ወንድሜን አልሰበከውም። ሐራራው የሚመጣበትን ሰዓትና ቦታ ለሁለት ሳምንት እንዲጽፍ አደረገው። ስናየው ሁሉም ዓርብ ነው፤ ደመወዝ የሚገባበት ቀን። አሁን ደመወዙ ወደ እናቴ ሒሳብ ይገባል፣ እሱም ዓርብ ማታ ልጄን ኳስ ልምምድ ይወስደዋል። ይህን የመሰለ ቀላል ነገር ራሳችን ማሰብ እንችል ነበር፣ ግን ማልቀስና መቆጣት ብቻ ነበር የምናውቀው።

በሦስተኛው ወር ወደ ሱሱ ተመልሶ ወድቋል። ሽንቱ ሲመረመር ተገኘበት፤ እኔ ያባርሩታል ብዬ ነበር። ሲስተር ከሐኪሙ ጋር ተነጋግራ መጠኑ ከ16 ወደ 24 ሚሊግራም ከፍ ተደረገለት፣ ቀጠሮውም ከወር ወደ ሳምንት ተቀረበለት። «መድኃኒት አልበቃው ያለ ሰው መድኃኒት አይከለከልም» ነው ያለችኝ። ጥርሱን ሳይቀር ታስብለታለች፦ ክኒኑ ከሟሟ በኋላ አፉን በውኃ እንዲጉመጠመጥ፣ ከመቦረሹ በፊት ግን አንድ ሰዓት እንዲቆይ።

በዚህ ጉዳይ የተቸገረ ቤተሰብ ካለ ሁለት ነገር ልጠቁም። ቡፕረኖርፊን ለማዘዝ ሐኪሞች ልዩ ፈቃድ እንዲያወጡ የሚያስገድደው ደንብ በ2022 መጨረሻ በወጣ ሕግ ቀርቷል፤ ስለዚህ መጀመሪያ የራሳችሁን የቤተሰብ ሐኪም ጠይቁ። ሜታዶን የሚባለው ሌላው የዚህ ሱስ መድኃኒት የሚያስፈልገው ሰው ግን ፈቃድ ወዳለው ልዩ ክሊኒክ መሄድ አለበት። ወሬው ይወጣል ብላችሁ የምትሰጉ ደግሞ፣ የሱስ ሕክምና መዝገብ ከሌላው የሕክምና መዝገብ በላይ የሚጠበቅበት የፌዴራል ሕግ አለ። ወንድሜን ለሁለት ዓመት ቤት ያስቀረው ይኸው ስጋት ነበር።

ሲስተር፣ ይህን እንደምታነቢው አውቃለሁ። እናቴ ሐሙስ ቀጠሮው ላይ አብራ ትመጣለች፤ ፔርሙዙንም ይዛለች። ሲኒ አታምጪ ብላለች።