ዋችመንን በየትኛው ዕትም እንግዛው? ባለ 10 ዶላሩን፣ ባለ 25ቱን ወይስ ባለ 100ውን?

ኮሚክ ማንበብ ልጀምር የሚል ወዳጅ ሁሉ ዞሮ ዞሮ የሚያመጣልኝ ጥያቄ አንድ ነው፤ «ዋችመንን የትኛውን ልግዛ?» ይለኛል። ዋችመን አላን ሙር ጽፎት ዴቭ ጊበንስ የሣለው የአሜሪካ ኮሚክ ማለትም የሥዕል ታሪክ ነው። እዚህ ሜሪላንድ መጻሕፍት መደብር የገባ ሰው ያንኑ ታሪክ በ10 ዶላርም፣ በ25ም፣ በ100ም ተደርድሮ ሲያገኘው ግራ ቢገባው አይፈረድበትም። መልሴን ከመጀመሪያው ልንገራችሁ፤ በመደበኛው መጠን የታተመውን፣ ስስ ሽፋን ያለውን ባለ 25 ዶላሩን ግዙ። ያገለገለ ካገኛችሁ ደግሞ ያንን አስቀድሙ። ስለ ዋችመን የምለው ለአብዛኞቹ የአሜሪካ ኮሚኮችም ይሠራል።

በየወሩ የሚወጡትን ቀጫጭን ዕትሞች በአጭሩ ልለፋቸው። ሱፐርማን በ1938 ለመጀመሪያ ጊዜ ብቅ ያለበት ዕትም ዋጋው 10 ሳንቲም ነበር። ዋችመን በ1986 እና በ1987 በ12 ክፍል ሲወጣ አንዱ 1 ዶላር ከ50 ስለነበረ ሙሉ ታሪኩ በ18 ዶላር ይጠናቀቅ ነበር። ዛሬ አንዷ ቀጭን ዕትም ከ4 እስከ 5 ዶላር ትሸጣለች፤ ባለ 12 ክፍል ታሪክ የሚከታተል ሰው ከ48 እስከ 60 ዶላር ያወጣል፤ ያውም የሜሪላንድ 6 በመቶ የሽያጭ ታክስ ሳይጨመር። ታሪኩ ተጠርዞ እስኪወጣ ጥቂት ወራት የታገሠ በግማሽ ዋጋ ያነበዋል። «ነገ ዋጋው ይንራል» ሲባሉ የአንዱን ዕትም አምስት ዓይነት ሽፋን የሚሰበስቡት ያሳዝኑኛል፤ ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች ማለት ይህ ነው። የምትወዱት ሠዓሊ የሣለው ሽፋን ከሆነ ግን ለዓይናችሁ ብላችሁ ግዙት፤ ያ ሌላ ጉዳይ ነው።

ዋናው ፉክክር በባለ 10 ዶላሩና በባለ 25ቱ መካከል ነው። የዋችመን አሳታሚ ዲሲ ከ2024 ጀምሮ የሚያወጣቸው ትንንሽ ዕትሞች 9 ዶላር ከ99 ሳንቲም ናቸው፤ ከታክስ ጋር 10 ከ59 ይሆናል። በዚህ ዋጋ አሥራ ሁለቱንም የዋችመን ክፍሎች ማግኘት ለጀማሪ ትልቅ ነገር ነው፤ ባቡር ላይ ለማንበብም ይመቻል። ነገር ግን ሁለቱን መጻሕፍት ጎን ለጎን ገልጣችሁ ገጻቸውን አስተያዩ። መደበኛው 17 በ26 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ ትንሹ 14 በ21.6። አባዙና አነጻጽሩት፤ ከሥዕሉ ስፋት ሲሶው ያህል ጠፍቷል።

ሰፋፊ ሥዕል ለሚሠራ ሠዓሊ ጉዳቱ ቀላል ሊሆን ይችላል። ለዴቭ ጊበንስ ግን ከባድ ነው። ጊበንስ ገጹን አብዛኛውን ጊዜ በዘጠኝ እኩል ክፈፎች ይከፍለዋል፤ እያንዳንዷን ክፈፍ ደግሞ እስከ ጥግ ይሞላታል። ጋዜጣ ሻጩ ያለበትን የመንገድ ጥግ ተመልከቱ። ከፊት ሰዎች ያወራሉ፤ ከኋላ የጋዜጣው ርዕስ፣ የግድግዳው ማስታወቂያ፣ እዚያው ቁጭ ብሎ የባሕር ወንበዴ ኮሚክ የሚያነበው ልጅ አሉ፤ ሁሉም የታሪኩ አካል ናቸው። የንግግሩን ፊደል የጻፈውም ራሱ ጊበንስ ነው። በትንሹ ዕትም ያ ፊደል ዓይን ያደክማል፤ የጋዜጣውን ርዕስማ ብዙ ሰው ሳያየው ያልፋል። አላን ሙር የጻፈው ግማሹ ነገር እኮ ያለው በእነዚያ ርዕሶችና ምልክቶች ውስጥ ነው!

አምስተኛውን ክፍል ደግሞ ለብቻው ልጥቀሰው። የገጾቹ አደራደር ከመሐል ወደ ሁለቱ ጫፎች በመስታወት እንደሚታይ ምስል የተሠራ ነው፤ የመጀመሪያው ገጽ ከመጨረሻው ጋር ይመሳሰላል፣ ሁለተኛው ከመጨረሻው በፊት ካለው ጋር፣ እንዲህ እያለ ይሄዳል። መሐል ላይ ግራና ቀኙ ገጽ አንድ ሥዕል ሆኖ ፀቡ ይፈነዳል። ትንሹ ጥራዝ ደንዳና ስለሆነና ገጹ ስለሚጠብ ያ ሥዕል ገጾቹ ወደተጣበቁበት ወደ ጥራዙ ጀርባ ገብቶ ይሰወራል። ገልጦ ለማየት የሞከረ ሰው ጀርባውን ይሰብረዋል። ለ15 ዶላር ብሎ ይህን ገጽ ማጣት አያዋጣም።

ደግሞስ 15 ዶላሩ ከየት መጣ? ባለ 25 ዶላሩ ያገለገለ ከሆነ ከ8 እስከ 12 ዶላር ይገኛል፤ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት አሮጌ መጻሕፍት ሲሸጡ ደግሞ ከዚያም ባነሰ። እዚያ ግን ዓይናችሁን ግለጡ። መጽሐፉን መሐሉ ላይ ቀስ ብላችሁ ክፈቱት፤ የሚንቋቋ ድምፅ ከሰማችሁ ኮላው ደርቋል። ገጾቹን ከላይ በኩል ጨበጥ አድርጋችሁ ነቅነቅ አድርጓቸው፤ ተነቅሎ የተመለሰ ገጽ ወዲያው ይታወቃል። ውኃ የነካውን ወረቀት ሞገዱ ያጋልጠዋል፤ ሻጋታ የሸተታችሁን በነፃ ቢሰጧችሁም አትውሰዱ፣ የቤታችሁን መጻሕፍት ይበክላል። አንድ ሁለት ገጽ የተነቀለ ከሆነ ግን አትሽሹ፤ ዋጋ አስቀንሱበት። አሲድ የሌለበት ነጭ የመጽሐፍ ኮላ በቀጭን ብሩሽ ስስ አድርጋችሁ ቀቡት፤ ገጹን መልሱና ከጎንና ከጎኑ ሰም የተቀባ ወረቀት አስገብታችሁ ከባድ ነገር ጭናችሁ አሳድሩት። ፕላስተር በጭራሽ አትለጥፉ። ጊዜው ሲቆይ ቢጫ ሆኖ ወረቀቱን ያቆሽሸዋል፤ ሲላጥም ሥዕሉን ይዞ ይነሣል።

ባለ 100 ዶላሮቹ ጠንካራ ሽፋኖች ያምራሉ፤ ይህን አልክድም። በ2005 የወጣው ትልቁ የዋችመን ዕትም ጊበንስ የተቆጣጠረው፣ ቀለሙንም የመጀመሪያው ቀለም ቀቢ ጆን ሂጊንስ ራሱ ያደሰው ነው። ሂጊንስ ሐምራዊና ብርቱካናማውን እንዴት እንዳጣላው በዚያ ገጽ ላይ ማየት ደስታ ነው። ታሪኩን አንብባችሁ ከወደዳችሁት በኋላ ግዙት፤ ሳታነቡት 100 ዶላር አታውጡ። ሺህ ገጽ ገደማ የሚይዙትን ግዙፍ ጥራዞች ግን አልመክርም። ጭን ላይ አይያዙም፤ መደርደሪያ ላይ ሲቆሙም በገዛ ክብደታቸው ወገባቸው ይጎብጣል።

ከሁሉ የሚያናድደኝ አስመስሎ የሚታተመው ነው። አንድ ወዳጄ የጃፓናዊውን ሠዓሊ የኬንታሮ ሚዩራን ኮሚክ በርሰርክን በጥቁር ጠንካራ ሽፋን የተጠረዘውን በ18 ዶላር አገኘሁ ብሎ ከኢንተርኔት ሻጭ ገዛ። የእውነተኛው ዋጋ 49 ከ99 ነው። ሲመጣ አየሁት። ሚዩራ በቀጫጭን መስመር እየደራረበ የሠራው ጥላ ተድፈንፍኖ ጥቁር ነጥብ ሆኗል፤ የክፈፎቹ ጠርዝ ተቆርጧል፤ ከወረቀቱ ጀርባ ያለው ሥዕል ወደ ፊት አልፎ ይታያል፤ በጀርባው ላይ ያለው ርዕስ ዘሟል። አንድ ሠዓሊ ዕድሜውን የሰጠበትን መስመር እንዲህ አጭበርብሮ መሸጥ ነውር ነው። አዲስ መጽሐፍ ከሽፋኑ ዋጋ ከግማሽ በታች ሲሸጥ ካያችሁ የውስጥ ገጽ ፎቶ ጠይቁ፤ ሻጩ ካመነታ ተዉት።

በስልክ ማንበብን የሚመርጡ አሉ። ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት የቤተ መጻሕፍት ካርዳችሁ ሁፕላ የተባለውን የማንበቢያ መተግበሪያ ይፈቅድ እንደሆነ ጠይቁ፤ ብዙ ኮሚክ በነፃ ያስነብባል።

ወደ አገር ቤት መውሰድ ለምትፈልጉም ስስ ሽፋኑ ይሻላል፤ ባለ 23 ኪሎ ሻንጣ ላይ አንድ ግዙፍ ጥራዝ የሚይዘው ቦታ የስንት ሰው ስጦታ ነው! ዋችመን ግን ለአዋቂ የተጻፈ ስለሆነ ለልጆች አትላኩት። ለእነርሱ በ2018 የወጣውን ኢትዮጵያዊውን ኮሚክ ጀምበርን ፈልጉ፤ በአማርኛም ታትሟል።