ለዚያች የሌሊት ተረኛ ሲስተር

ሰላም ለሁላችሁ። ይህንን ምስጋና ሁለት ወር አዘግይቼዋለሁ። እናቴ ከሆስፒታል ወጥታ፣ እግሯ መሻል ጀምሮ፣ «ሽሮው ጨው በዝቶበታል» ብላ መነጫነጭ እስክትጀምር ድረስ ልቤ አላረፈም ነበር። ካለፈው ሳምንት ወዲህ ጀምራለች፣ ተመስገን።

የማመሰግናት ነርስ ናት። ስሟን እንዳልጽፍ አጥብቃ ስለለመነችኝ «ሲስተር» እያልኩ እቀጥላለሁ፤ ሆስፒታሉንም በዚሁ ምክንያት አልጠራም።

እናቴ 67 ዓመቷ ነው። ስኳር ከያዛት 15 ዓመት አልፏል። በሁዳዴ መግቢያ ሰሞን የግራ እግሯ ጣት ላይ የወጣች ትንሽ ቁስል መግል ያዘችና ሆስፒታል ተኛች። እኔ አስታማሚ ሆኜ አልጋዋ ሥር ምንጣፍ አንጥፌ አድር ነበር። በሦስተኛው ሌሊት፣ 9 ሰዓት ገደማ፣ ስታወራ ሰማኋት። «ቧንቧውን ዝጊው፣ ውሃው እየፈሰሰ ነው» ትለኛለች። ሕልም ነው ብዬ ግንባሯን ዳሰስኩ። ትኩሳት የለም፣ እንዲያውም ቀዝቀዝ ብሏል። ተመስገን ብዬ ብርድ ልብሱን አለበስኳትና ተመልሼ ጋደም አልኩ። ያቺን «ተመስገን» ሳስባት እስካሁን ያመኛል።

በዚያ ሌሊት ለ32 አልጋ ሲስተርና አንዲት ጓደኛዋ ብቻ ነበሩ። ሲስተር ሌላ ታማሚ ጋ ስታልፍ ሰማቻትና ቆመች። «እማማ፣ አሁን የት ነው ያሉት?» አለቻት። እናቴ «ደሴ» አለች። ደሴን ከለቀቀች 40 ዓመት ሊሆናት ነው። ሲስተር ወደ እኔ ዞራ «ማታም እንዲህ ነበሩ?» ስትለኝ ነው የነቃሁት። አልነበረችም። ማታማ ከጎኗ ከተኙት እናት ጋር ስለ በርበሬ ዋጋ ሲከራከሩ ነው ያመሹት።

መጀመሪያ ጣቷን ወግታ ስኳሯን ለካች። የስኳር ታማሚ ድንገት ሲቀባጥር በቅድሚያ የሚፈራው የስኳር መውረድ ነው፤ ጾም ነው እያለች ምግብ ትቀንስ ስለነበር እኔም የጠረጠርኩት እሱን ነው። 212 አለ። አልወረደም።

ቀጥላ ያደረገችውን ግን ከዚያ በፊት ማንም ሲያደርገው አላየሁም። መዳፏን እናቴ ደረት ላይ አሳርፋ፣ የእጅ ሰዓቷን እያየች አንድ ሙሉ ደቂቃ ዝም አለች። ላናግራት ስል በዓይኗ አስቆመችኝ። ትንፋሽ እየቆጠረች ነበር። 28። ያረፈ አዋቂ ሰው በደቂቃ የሚተነፍሰው ከ12 እስከ 20 ጊዜ ነው። ጣት ላይ የሚሰካው መሣሪያ ኦክስጅኗን 95 ሲል እኔ ደህና ናት ብዬ ተጽናንቼ ነበር።

ደም ግፊቷ 88 በ50፣ የልብ ምቷ 118፣ ሙቀቷ 36.4። ጥፍሯን ጫን አድርጋ ለቀቀችው፤ የነጣው ቀለም እስኪመለስ አራት ሰከንድ ያህል ፈጀ። ጎንበስ ብላ የሽንት ከረጢቱን አየች። ከእኩለ ሌሊት ወዲህ ጠብ ያለ ነገር የለም።

ለተረኛው ሐኪም ስትደውል «አንዲት ታማሚ አልተመቻትም» አላለችም። «የ67 ዓመት እናት፣ ስኳር አለባቸው፣ የእግር ኢንፌክሽን። አሁን ድንገት ግራ ተጋብተዋል። ትንፋሽ 28፣ ግፊት 88፣ ሽንት የለም። ሴፕሲስ ነው የጠረጠርኩት፣ አሁን ብትመጣ» አለችው። ድንገተኛ ክፍል ሌላ ሰው ይዞ ነበር መሰለኝ፣ «እሺ፣ ግን በስንት ደቂቃ?» ብላ አስቆረጠችው። በሰባት ደቂቃ መጣ።

ሴፕሲስ ብዙዎቻችን «ኢንፌክሽኑ ደም ውስጥ ገባ» የምንለው ነው። ሰውነት ኢንፌክሽኑን ሲዋጋ መቆጣጠሪያው ጠፍቶት የራሱን ኩላሊት፣ ሳንባና አንጎል መጉዳት ይጀምራል። እናቴ በሌሊት ደሴ የሄደችው ለዚህ ነበር። ሽማግሌና ባልቴት ላይ ደግሞ ትኩሳት ላይኖር ይችላል። ከዓመታት በፊት፣ በሌላ ቦታ፣ አጎቴ እንዲሁ ሲያንቀላፋ ሲያንቀላፋ «ይረፍበት፣ አትቀስቅሱት» ተብለን ነው ያጣነው። ምን እንደገደለው ዛሬም አናውቅም።

ሐኪሙ ሲደርስ ሲስተር ኦክስጅን አድርጋ፣ በሌላኛው ክንድ ሁለተኛ ካኑላ፣ ማለትም በደም ሥር ፈሳሽ የሚሰጥበትን ቀጭን ቱቦ፣ ተክላ ነበር። ከረጢቱን ስትሰቅል «ሲስተር፣ ስኳር አለባት እኮ! ግሉኮስ አትስጫት!» ብዬ ጮህኩ። «ይሄ የጨው ውሃ ነው እህቴ፣ ኖርማል ሳላይን» አለችኝ፣ ሳትቆጣ። ክብደቷን ጠየቁኝ፤ 60 ኪሎ። ለአንድ ኪሎ 30 ሚሊ ሊትር ሂሳብ 1800 ሚሊ ሊትር፣ በሦስት ሰዓት ውስጥ። ሐኪሙም በየመሃሉ ሳንባዋን ያዳምጣል፤ ፈሳሹ ከበዛ ሳንባ ውስጥ ይጠራቀማል አሉኝ።

ደም ለካልቸር፣ ማለትም የትኛው ጀርም እንደሆነ ለሚለየው ምርመራ፣ ተቀዳ፤ ወዲያው አንቲባዮቲክ። እዚህ ላይ ሌሊት ማዘዣ ይዞ ክፍት ፋርማሲ ፍለጋ የሮጠ ሁሉ ይረዳኛል። ሲስተር የመጀመሪያውን መርፌ ከክፍሉ የድንገተኛ ሳጥን አውጥታ ሰጠችና «ሲነጋ ገዝተሽ ትተኪያለሽ» አለችኝ። እንዲህ ግፊት በወረደበት ጊዜ አንቲባዮቲኩ በአንድ ሰዓት ውስጥ እንዲጀመር ነው የሚመከረው። በእኛ አርባ ደቂቃም አልሞላ።

የጽኑ ሕሙማን ክፍል አልጋ የተገኘው ረፋድ ላይ ነው። ከሰዓት በኋላ ቀዶ ሐኪሞች መግሉን አውጥተው ሁለት ጣቶቿን ቆረጡ። አለቀሰች፣ አለቀስን። ከሁለት ቀን በኋላ ወደ ክፍሏ ተመለሰች።

ቤት ገብተን ነገሩ ሲበርድ፣ የእንግሊዝ ሐኪሞች ኮሌጅ በ2012 እ.ኤ.አ. አውጥቶ በ2017 ያሻሻለውን፣ ታማሚ ምን ያህል እንደባሰበት የሚለካበትን የነጥብ አሰጣጥ አነበብኩ። ትንፋሽ 25 ከደረሰ ብቻውን 3 ነጥብ ነው፤ አዲስ የመጣ መቀባጠርም 3። 7 ነጥብ የደረሰ ታማሚ አስቸኳይ ነው። የእናቴን ደመርኩት፤ 12። እኔ ዳስሼ የተጽናናሁበት ሙቀቷ ግን ዜሮ ነው።

ጥቆማዬ ይኸው። ሲስተር በእረፍት ቀኗ ቤት ድረስ እየመጣች ቁስል ታጥባለች፣ ስኳርና ግፊት ትለካለች። ዋጋዋን አስቀድማ ትናገራለች። ከአቅሟ በላይ የሆነውን «ይሄ ሐኪም ይየው» ብላ ትመልሳለች። ጉድለቷ ስልክ ቶሎ አለማንሳቷ ነው፤ ተረኛ ከሆነች ጭራሽ አታነሳም። የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ እሷን ጠይቄ አገናኛችኋለሁ። የሆስፒታሉ ኃላፊዎችም ካነበባችሁት ማን እንደሆነች አታጧትም፤ ደብዳቤ ጻፉላት፣ እድገቷ ላይ ይቆጠርላት።

እኛ ቤት የምትመጣው ቅዳሜ ነው። ፋሻውን ከመፍታቷ በፊት አሁንም መዳፏን እናቴ ደረት ላይ አድርጋ ሰዓቷን ታያለች። እናቴ ታዲያ ሆን ብላ ትንፋሿን ትይዛለች።

«እማማ፣ ይተንፍሱ እንጂ፣ ቆጠራዬን አበላሹብኝ!»

«እንግዲያው እንደገና ጀምሪ» ትላታለች። ቡናው እስኪደርስ ልታቆያት ነው።