«ጋዝ አልቋል» ለሚል የኤሲ ጠጋኝ ገንዘብ ከመክፈልዎ በፊት

በድሬዳዋ ከሚያዝያ እስከ ሰኔ ባለው ጊዜ የቀትሩ ሙቀት ከ35 ዲግሪ ሲያልፍ የቤት አየር ማቀዝቀዣ ጥገና ገበያም አብሮ ይግላል። በዚህ ወቅት ኤሲው ማቀዝቀዝ ያቆመበት ቤተሰብ፣ በተለይ ሕፃን ወይም አዛውንት ያለበት፣ በዋጋ ለመከራከርም ሆነ ሌላ ባለሙያ ለማማከር ትዕግሥት አይኖረውም፤ አንዳንድ ጠጋኞችም ይህን አሳምረው ያውቃሉ። ይህን ማስጠንቀቂያ የምጽፈው ሳቢያን ሠፈር በሚገኘው የአክስቴ ቤት የተፈጸመው ነገር በከዚራና በገንደ ቆሬ ሠፈሮች የሚኖሩ ወዳጆች ከሚነግሩኝ ጋር ፍጹም ተመሳሳይ ሆኖ ስላገኘሁት ነው። የጥገና ቤቱን ስም አልጠቅስም፤ አሠራሩ የአንድ ቤት ብቻ አይደለምና።

ነገሩ የሚጀምረው ሁልጊዜ በአንድ ዓይነት መንገድ ነው። ጠጋኙ ይመጣል፣ ከኤሲው የውስጠኛ ክፍል የሚወጣውን ነፋስ ለአፍታ በእጁ ይሞክራል፣ ከዚያም ምንም ሳይለካ «ጋዝ አልቋል» ይላል። ለአክስቴም እንዲሁ ተባለላትና ጋዝ ተሞላ፤ ኤሲው ለጥቂት ሳምንታት አቀዘቀዘና መልሶ ሞቀ። ያው ጠጋኝ ተመልሶ ሲመጣ «ኮምፕሬሰሩ ተቃጥሏል፣ መቀየር አለበት» አለ፤ ኮምፕሬሰር ጋዙን እያመቀ የሚያዞረው ሞተር ነው፤ የጠየቀው ገንዘብም ከበርካታ ወራት ጡረታዋ የሚበልጥ ነበር። ከዚያ በኋላ የተጠራው ሌላ ባለሙያ በቴስተር (በኤሌክትሪክ መለኪያ) ሲመረምረው ግን ኮምፕሬሰሩ ጤነኛ ሆኖ ተገኘ። የሞተው ኮምፕሬሰሩን የሚያስነሳው ካፓሲተር ነበር፤ ጋዙም ያመልጥ የነበረው የመዳብ ቱቦው ከውጭው ክፍል ጋር በሚገናኝበት፣ በሚገባ ባልጠበቀ ዳዶ በኩል ነበር። የካፓሲተር ዋጋ ከኮምፕሬሰር ዋጋ ጋር ሲነጻጸር ኢምንት ነው።

የዚህ ሁሉ መነሻ ብዙዎቻችን ስለ ጋዙ ያለን የተሳሳተ ግንዛቤ ነው። የኤሲ ጋዝ እንደ መኪና ነዳጅ እየተቃጠለ የሚያልቅ ነገር አይደለም። በተዘጋ ቱቦ ውስጥ ከፈሳሽ ወደ እንፋሎት፣ ከእንፋሎት ወደ ፈሳሽ እየተለወጠ ሙቀትን ከቤት ውስጥ ወስዶ ውጭ የሚጥል፣ መጠኑም ከዓመት ዓመት የማይቀንስ ነው። ስለዚህ በእርግጥ ጎድሎ ከተገኘ አንድ ቦታ ይፈስሳል ማለት ነው፤ ቀዳዳው ሳይገኝና ሳይደፈን የሚሞላ ጋዝም ነገ ተመልሶ የሚከፈልበት ጋዝ ነው። ቀዳዳውን መፈለግ ደግሞ የረቀቀ መሣሪያ የግድ አይጠይቅም፤ የቱቦ መጋጠሚያዎችን በሳሙና አረፋ ቀብቶ አረፋው የሚነፋበትን ማየት የመጀመሪያው እርምጃ ነው፤ በዚህ ካልተገኘ ናይትሮጅን ሞልቶ ግፊቱ መውረድ አለመውረዱን መከታተል ይቻላል። ይህን ሳያደርግ ሲሊንደሩን የሚያገናኝ ሰው ጥገና አልሠራም።

ጋዝ ሳይጎድል የጎደለ የሚያስመስሉ ምክንያቶችም አሉ፤ በእኛ ከተማ ዋነኛው አቧራ ነው። የውስጠኛው ክፍል ማጣሪያ በአቧራ ሲደፈን አየር ስለማያልፍ ቱቦው በረዶ ይይዛል፤ ይህንኑ በረዶ እያሳዩ «ጋዝ ስላነሰ ነው» የሚሉ አሉ። ጋዝ ሲያንስም በረዶ መያዙ እውነት ነው፤ ነገር ግን ማጣሪያው ታጥቦ በረዶው ከቀለጠ በኋላ እንደገና ሳይሞከር ይህን ማለት አይቻልም። የውጭው ክፍል ክንፎች በአቧራ ከተሸፈኑ ወይም ክፍሉ የከሰዓት ፀሐይ በሚያርፍበት ጠባብ ቦታ ከተሰቀለ ደግሞ ሙቀቱን መጣል ስለሚያቅተው ማሽኑ ራሱን ያጠፋል። የምሽት የኤሌክትሪክ ኃይል መውረድም ሌላው ነው፤ ቮልቴጁ ከ220 እጅግ ሲወርድ ኮምፕሬሰሩ ያጉረመርማል እንጂ አይነሳም። ከሁሉ የሚያስገርመኝ ግን ከውስጠኛው ክፍል የሚንጠባጠበውን ውኃ «የሚፈስሰው ጋዝ ነው» ብሎ ማስከፈል ነው። በቤቶቻችን ያሉት ጋዞች ከዜሮ በታች ከ40 ዲግሪ በላይ ወርደው የሚፈሉ ስለሆኑ ወለል ላይ ሊንጠባጠቡ አይችሉም፤ የሚታየው ከአየሩ የተጠራቀመ እርጥበት ነው፣ መፍትሔውም የተደፈነውን የውኃ መውረጃ ቱቦ ማጽዳት ነው።

መሙላቱ በእርግጥ አስፈላጊ ከሆነ የጋዙ ዓይነትና መጠን የጠጋኙ ምርጫ አይደለም። በውጭው ክፍል ጎን በተለጠፈው ሰሌዳ ላይ ሁለቱም ተጽፈዋል። የቆዩት ማሽኖች ጋዝ አብዛኛውን ጊዜ አር 22 የሚባለው ሲሆን የአዳዲሶቹ አር 410ኤ ወይም አር 32 ነው፤ አር 410ኤ ከአር 22 ይልቅ ወደ 60 በመቶ ከፍ ባለ ግፊት የሚሠራና የተለየ ዘይት የሚፈልግ ስለሆነ አንዱን በሌላው መተካት ማሽኑን መግደል ነው። አር 32 ደግሞ በመጠኑ ተቀጣጣይ ስለሆነ በብየዳ ጊዜ ጥንቃቄ ይጠይቃል። አር 22 የኦዞን ንጣፍን ለመጠበቅ በተደረሰው ዓለም አቀፍ ስምምነት፣ በሞንትሪያል ፕሮቶኮል መሠረት ከገበያ እየወጣ ያለ በመሆኑ በሌላ ጋዝ እየቀላቀሉ መሸጥ ይታያል፤ ሲሊንደሩን በዓይንዎ ይዩ፣ በሚዛን ላይ ተቀምጦም ምን ያህል ግራም እንደወጣ ይመዝገብ።

አንድ ጊዜ ቱቦው ከተከፈተ በኋላ ጋዝ ከመሞላቱ በፊት በቫኪዩም ፓምፕ አየሩና እርጥበቱ መመጠጥ አለበት። አንዳንዶች «ይህ ለጅቡቲ ነው፣ የድሬ አየር ደረቅ ነው» ይላሉ። እውነት ነው፣ ጅቡቲ ባሕር ዳር በመሆኗ ሙቀቷ ከእርጥበት ጋር ነው፣ የእኛው በአብዛኛው ደረቅ ነው፤ ሆኖም በቱቦው ውስጥ የቀረች ጥቂት እርጥበት ቀጭኑ መተላለፊያ ላይ በረዶ ሆና ትዘጋለች፣ ከዘይቱ ጋር ተዋህዳም አሲድ ትፈጥራለች፤ አየሩ ራሱም ግፊቱን ያለ አግባብ ያንራል። ፓምፕ ሳይዝ የመጣ ጠጋኝ መሣሪያውን ይዞ እንዲመለስ መንገር ነውር አይደለም።

«ኮምፕሬሰሩ ተቃጥሏል» የሚለው ፍርድ ያለ ልኬት ሲነገር አይቀበሉት። በተለመደው፣ ኢንቨርተር (የኮምፕሬሰሩን ፍጥነት እንደ አስፈላጊነቱ የሚለዋውጥ) ባልሆነው ኤሲ፣ ኮምፕሬሰሩ ላይ ሦስት የሽቦ ጫፎች አሉ፤ በየሁለቱ መካከል ያለው ተቃውሞ በቴስተር ሲለካ ትልቁ ቁጥር የሁለቱ ትናንሾች ድምር መሆን አለበት፣ ከማናቸውም ጫፍ ወደ ብረቱ አካልም ምንም መተላለፍ የለበትም። ልኬቱ የሚወሰደው ኮምፕሬሰሩ ከቀዘቀዘ በኋላ ነው፤ ሲግል ራሱን የሚያቋርጥ መከላከያ ስላለው ትኩስ ሆኖ ሲለካ ጤነኛውም የሞተ ይመስላል። ኢንቨርተር ከሆነ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የሚወነጀለው የኤሌክትሮኒክስ ቦርዱ ነው፤ እርሱም ቢሆን የኃይል መስመሩና መጋጠሚያዎቹ ሳይታዩ አይቀየርም።

በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813 ሸማቹ ስለሚገዛው አገልግሎት ትክክለኛ መረጃ የማግኘት፣ እንዲሁም አማራጭ በማየቱ ወይም በዋጋ በመደራደሩ ምክንያት እንዲገዛ ያለመገደድ መብት እንዳለው ደንግጓል። ስለሆነም ጠጋኙ ቤትዎ መጥቶ ማየቱ የመጣበትን ከመክፈል ያለፈ ግዴታ አይጥልብዎትም። ሥራው ከመጀመሩ በፊት የብልሽቱ ስም፣ የዕቃው ዋጋና የእጅ ዋጋው ተለይተው ይጻፉልዎ፤ ደረሰኙ ላይም የጋዙ ዓይነትና ግራሙ፣ ዋስትናውም ለስንት ጊዜ እንደሆነ ይስፈር። ኮምፕሬሰር የሚቀየር ከሆነ ደግሞ አሮጌው ከግቢዎ አይውጣ፤ ከሌላ ማሽን የወጣ ያገለገለ ዕቃ ቀለም ተቀብቶ እንደ አዲስ ሲሸጥ ታይቷልና፣ የአዲሱን ሰሌዳ ከአሮጌው ጋር ጎን ለጎን አስቀምጠው ሳያነጻጽሩ ቀሪውን ክፍያ አይስጡ።