ለጅማ ድልድይ የአስፋልት ፕለግ ወይስ ስትሪፕ ሲል?

ዲዛይንና ግንባታ በአንድ ውል ሲሰጥ፣ ውሉ «ኤክስፓንሽን ጆይንት» (ድልድዩ በሙቀት ሲሰፋና ሲጠብ ክፍተቱን የሚሸፍን መጋጠሚያ) ይገጠም ብቻ ካለ ተቋራጩ ርካሹን ይመርጣል፤ አይፈረድበትም። ስለዚህ መጀመሪያ የድልድዩ እንቅስቃሴ ይሰላ፦ 40 ሜትር ኮንክሪት በ30 ዲግሪ የሙቀት ልዩነት 13 ሚሊ ሜትር ያህል ይንቀሳቀሳል። ኮንክሪቱ ሲደርቅ የሚኮማተረውም ይደመርበታል።

ለዚህ ልክ የአስፋልት ፕለግ፣ ማለትም ክፍተቱ ላይ የሚፈስስ የአስፋልት መጋጠሚያ፣ ይበቃል። ወርዱ 500 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ ትኩሱ ማያያዣ ከጠጠር ጋር በየንብርብሩ ይፈስሳል፣ ሲቀዘቅዝ መንገዱ ይከፈታል። ግን እርጥብ ኮንክሪት ላይ አይጣበቅም፤ የጅማ ዝናብ ደግሞ ረጅም ነው፣ ሥራው ለበጋ ይቆይ። የጭነት መኪና ፍሬን በሚይዝበት ቁልቁለት ላይ ከሆነ ይጎደጉዳል፤ እዚያ አንመክረውም።

ስትሪፕ ሲል (በሁለት የብረት ጠርዞች መካከል የተያዘ ላስቲክ) ዋጋው ይወደዳል፤ እስከ 100 ሚሊ ሜትር ገደማ እንቅስቃሴ ግን ይችላል። ላስቲኩ ያለ ቅጥያ አንድ ወጥ እንዲሆን ውሉ ያስገድድ። የብረት ጠርዞቹ ክፍተትም በሚገጠምበት ሰዓት ባለው የድልድዩ ሙቀት ይስተካከል። ብዙ ጊዜ የሚዘለለው ይኸው ነው፤ በቀዝቃዛ ማለዳ ጠቦ የተገጠመ ቀትር ላይ ይጨናነቃል። ከርክክብ በፊት ውሃ ተኝቶበት ከስር ይታይ፤ የሚያንጠባጥብ ጆይንት ቤሪንጉን (ድልድዩ የሚያርፍበትን መደገፊያ) ይበላል። ቀይ ጭቃና ጠጠር የሞላበት ላስቲክ ስለሚቀደድ ከክረምት በኋላ ይጠረግ።