ሮሚዮና ጁሊየት፣ የፎልጀር ኤዲሽን፦ የአርባ ቀን ዕድል ነው ወይስ ችኮላ?

ሼክስፒርን በእንግሊዝኛ ጀምሮ ሦስተኛው ገጽ ላይ ለሚተወው ሰው ይሄን የአሜሪካው ፎልጀር ቤተ መጻሕፍት ያሰናዳውን የሮሚዮና ጁሊየት ቅጂ ነው የምመክረው። ጽሑፉ በቀኝ ገጽ ነው፣ የከበዱት ቃላት ፍቺ ትይዩ በግራ በኩል ተቀምጧል፣ የየትዕይንቱ አጭር ማጠቃለያም አለው፣ ዲክሽነሪ ማገላበጥ ቀረ ማለት ነው።

እኔ ሁለተኛ እጅ ነው የገዛሁት፣ ሻጩ አዲስ በለው ብሎኝ ቤት ገብቼ ስከፍተው ግማሹ በቢጫ ሃይላይተር ተቀብቷል። የሚገርመው የቀባው ሰው የፍቅሩን ንግግር አንድ ሳያስቀር ቀብቶ ገቢር 5 ትዕይንት 2ን ጭራሽ አልነካትም። ለኔ ግን የተውኔቱ ጉድ ያለው እዛች አጭር ትዕይንት ላይ ነው።

መግቢያው ኮከባቸው ያልገጠመ ፍቅረኞች ናቸው፣ ይሞታሉ ብሎ ገና ከጅምሩ ይነግራችኋል፣ ስለዚህ ዕድላቸው ነው ብሎ መዝጋት ቀላል ነው። በርግጥ ነገሩ የሚጀምረው በአጋጣሚ ነው፣ የጁሊየት አባት ካፑሌት የግብዣ ስም ዝርዝር አሸክሞ የላከው አሽከር ማንበብ አይችልም፣ መንገድ ላይ ያገኘውን ሰው አንብብልኝ ሲለው የጠላት ቤተሰብ ልጅ ሮሚዮ ሆኖ አረፈው። እሺ ይሁን። ጁሊየትን ለፓሪስ የሚድርበትን ሠርግ ከሐሙስ ወደ ረቡዕ የሳበውን ካፑሌትንስ ማን አስገደደው? ልጅቷ እሺ ስላለች ደስ ብሎት ብቻ፣ ሚስቱ ሐሙስ ይሁን እያለችው! ጁሊየት ግን በስውር ሮሚዮን አግብታለች፣ ከዚህ ሠርግ እንድታመልጥም ያጋባቸው መነኩሴ አባ ሎረንስ 42 ሰዓት የሞተች አስመስሎ የሚያስተኛ መድኃኒት ሰጥቷታል። ሠርጉ ስለተሳበ መድኃኒቱን አንድ ቀን ቀድማ ጠጣች፣ አባ ሎረንስ ዕቅዱን ለማስረዳት ማንቱዋ ከተማ ለተሰደደው ሮሚዮ የላከው ደብዳቤም ቀኑ አጠረበት። ደብዳቤውን የያዘው አባ ጆን ደግሞ የመንገድ ጓደኛ ፍለጋ ሌላ መነኩሴ ጋ ጎራ ይላል፣ ያኛው በሽተኛ ሲጠይቅ ነበርና ወረርሽኝ ያለበት ቤት ነበራችሁ ተብለው በሩ ታሸገባቸው፣ ደብዳቤው እዛው ከተማቸው ቬሮና ቀረ። ትዕይንት 2 ማለት ይቺ ናት።

ከሷ በፊት ያለችውንም ቀስ ብላችሁ አንብቡ። የሮሚዮ አሽከር ባልታዛር ጁሊየት ሞታለች ብሎ ሲመጣ ሮሚዮ ከአባ ሎረንስ ደብዳቤ አላመጣህም ወይ ብሎ ሁለት ጊዜ ይጠይቀዋል፣ አላመጣሁም ሲለው ግድ የለም ብሎ ያልፈዋል። ግድ የለም! ያውም ከዋክብቱን እምቢ ብያለሁ ብሎ ከፎከረ በኋላ። በ40 ዱካት፣ ማለት በ40 የወርቅ ሳንቲም፣ መርዝ ገዝቶ በዛው ሌሊት ቬሮና ገባ፣ መቃብሩ ጋ ትንሽ ቢዘገይ ኖሮ እኮ ትነቃ ነበር። እንግዲህ ይሄን ዕጣ ፈንታ በሉት፣ እኔ ግን አልለውም።

በአማርኛ የከበደ ሚካኤልን ትርጉም ላነበበ ሰው ታሪኩ አዲስ አይሆንበትም፣ ይሄኛው የሚጠቅመው ኦሪጅናሉን መስመር በመስመር መከታተል ለሚፈልግ ነው። ማብራሪያው ለማያስፈልገው ጽሑፉ የፎልጀር ዌብሳይት ላይ በነጻ አለ፣ ብር አታውጡ። ሁለተኛ እጅ የምትገዙ ከሆነ ግን እዛው ሱቁ ውስጥ ገልጣችሁ እዩት።